ሦስተኛው ፍተሻ

ካፕሊን ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ኦክቶበር 8 ቀን 2017

ለውድ ዘመዴ ለጄኔቪቭ ፓወር፤

የእግዚአብሔር ሰላም ባለሽበት ይድረስሽ፤ የላብራዶርም ብርድ አጥንትሽን ሳያገኘው ክረምቱን ያሻግርሽ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል።

ከሰላምታዬ ቀጥሎ የምጽፍልሽን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በስልካችሁ የምታዩት፣ እኔ የማስተምርበት ቪዲዮ ውስጥ አንድ ነገር ይጎድላል። ሰው ሁሉ ሆን ብዬ ያጎደልኩት ይመስለዋል። አይደለም። ረስቼው ነው፤ መርሳቴንም ሦስት ዓመት ደብቄ ኖሬያለሁ።

ይህን ያስጻፈኝ የአንቺው ደብዳቤ ነው። የቅድመ አያትሽና የአያቴ ወንድማማችነት «አጎቴ» ለመባል ቀጭን ዝምድና ነው፤ ቢሆንም አጎቴ ስትይኝ ወደድኩት። ያልወደድኩት ከሱ በታች ያለውን ነው። «መምህራችን ዋረን፣ ሃይንስ እንዳደረገው አድርጉ፣ ከራሳችሁ አትጨምሩ ይለናል» ብለሻል፤ ሃይንስ የሚለው እኔን ነው። እህል እንኳ አልወረደልኝም ብልሽ አታምኚኝም፤ ያን ቀን የቀረበልኝን ሁሉ መልሼ አነሳሁት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ሠላሳ ዓመት የመብራት ሽቦ ስዘረጋ ኖሬ፣ መሰላል መውጣት ሲያቅተኝ ነው እዚህ ያለው የሙያ ኮሌጅ ለአስተማሪነት የወሰደኝ። ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ ሰሌዳ አጠገብ ቆሞ ማውራት ግን ለመድኩ። ከዚያ አዲስ ደንብ መጣ። ትምህርቱን ተማሪው ቤቱ ሆኖ በስልኩ ያየዋል፤ የቤት ሥራውን ደግሞ ክፍል መጥቶ ከመምህሩ ጋር ይሠራዋል። የተገላቢጦሽ ክፍል አሉት። ብየዳ የሚያስተምረው ሊዮ በስብሰባው መሐል ተነሥቶ፣ «የተገላቢጦሽ፣ አህያ ወደ ሊጥ ውሻ ወደ ግጦሽ» አለና ሰውን በሳቅ ገደለው። እኔ ግን ደንቡን አልጠላሁትም። ክፍል ውስጥ አፌ ሲያርፍ ዓይኔ ሥራ አገኘ። ተማሪው ሽቦ ሲያጠብቅ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ፤ ድሮ ይህን ማየት አልችልም ነበር።

ቪዲዮ የምትቀርጸን ሼልቢ የምትባል ልጅ ናት። «ከሰባት ደቂቃ ካለፈ አውራ ጣታቸው ሌላ ቦታ ይሄዳል» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ባለቤቴ ዊኒፍሬድ ያረፈችው በዚያው ክረምት ነው። ካሜራ ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል። ደጋግመን ቀረጽን፤ አንዱም አይረባ። በመጨረሻ ካሜራውን ረሳሁትና ለዊኒ ማድቤት ውስጥ እንደማወራላት አወራሁ። ቃሉ እንደ ውኃ ወረደልኝ። ሼልቢም «በቃ፣ ይሄ ነው» አለች።

ቤቴ ገብቼ ሳየው ነው ጉዱን ያገኘሁት። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ሽቦ ከመንካትሽ በፊት ቴስተሩን፣ ያን ኤሌክትሪክ መኖር አለመኖሩን የሚነግርሽን መሣሪያ፣ ኤሌክትሪክ እንዳለበት በምታውቂው ሶኬት ላይ ትሞክሪዋለሽ። ቀጥለሽ የምትነኪውን ሽቦ ትፈትሻለሽ። «የለም» ቢልሽ እንኳ አታምኚውም፤ ወደ ሶኬቱ ተመልሰሽ ደግመሽ ትሞክሪዋለሽ፤ በመሐል ቴስተሩ ራሱ ሞቶ እንዳይሆን። እኔ ይህን ሦስተኛውን ዘልዬዋለሁ። ሽቦውን ፈተሽኩ፣ «የለም» አልኩ፣ በባዶ እጄ ጨበጥኩት።

በማግሥቱ ለሼልቢ መንገር ነበረብኝ። ግን ዊኒ ከሞተች ወዲህ ሳልንተባተብ የተናገርኩት ያኔ ብቻ ነበር። ዝም አልኩ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ተማሪ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ተመልሰን አንሞክረውም እንዴ?» አለች። አፌ ከእኔ ቀደመና «ጎበዝ፤ ማን ያገኘው ይሆን ብዬ ስጠብቅ ነበር» አለ።

የሃይንስ ዘዴ የተባለው በዚህ ተወለደ። ቪዲዮው ላይ ሆን ብሎ ቀዳዳ ትቶ ተማሪው ክፍል ውስጥ ፈልጎ እንዲያገኘው የሚያደርግ መምህር ሆንኩ። «ምን ጎደለ?» እላለሁ፣ ይሻሙበታል። ሽልማትም ሰጡኝ። ቀዳዳውን ክፍል ውስጥ እስከደፈንኩት ድረስ ማንም አይጎዳም እያልኩ ራሴን አባበልኩ። አሁን ቪዲዮውን ከክፍሌ ነጥለው ለሩቅ ቅርንጫፎች እንዳደሉት ከአንቺ ሰማሁ። እናንተ ዘንድ «ምን ጎደለ?» የሚል ሰው የለም።

እባክሽ፣ ስለ ሦስተኛው ፍተሻ ለክፍል ጓደኞችሽ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። ስሜን አታንሺ። እኔም ቪዲዮውን እዚህ በዘዴ አስነሣዋለሁ። በስልክ ያልጻፍኩልሽ ስልክ የዋጠውን እንደማይተፋ ስላየሁ ነው። ወረቀት ይቃጠላል።

ከኮረብታው የለቀምኩት ቀይ ፍሬ ማርማላታ ሆኖ በሁለት ብልቃጥ ተልኮልሻል። ጠባቂ መልአክሽ ከአጠገብሽ አይራቅ።

ዘመድሽ አምብሮዝ ሃይንስ


ላብራዶር
ኦክቶበር 30 ቀን 2017

ይድረስ ለአጎቴ ለአምብሮዝ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤና ይስጥልኝ፤ ለጉልበትዎም ደረጃ የሌለው ቤት ይስጥልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። ማርማላታው ደርሷል። አንዱን ብልቃጥ አብረውኝ የሚኖሩት ሴቶች በማንኪያ ጨረሱት፤ ሌላውን አልጋዬ ሥር ሸሽጌዋለሁ። መሸሸግ በዘራችን ነው መሰለኝ። ይህን ያልኩት እንዲስቁ ነው፤ ካላሳቀዎት ይቅር ይበሉኝ።

የዘገየሁት ምን እንደምመልስ ጠፍቶኝ ነው። ያዘዙኝን አድርጌያለሁ፤ አልሠራም። ምሳ ላይ «ሽቦውን ከፈተሻችሁ በኋላ ተመለሱና ቴስተሩን ደግማችሁ ሞክሩት» አልኳቸው። ዶይል ብሌክ የሚባል ሰው አለ። ከአርባ ዓመት ያለፈ፣ ዕድሜውን ሁሉ የአውሬ ወጥመድ ሲዘረጋ የኖረ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ከሁላችን የሚተጋው እሱ ነው፤ እርስዎን በስልክ ከፍቶ ነው እራት የሚበላው። ቀና ብሎ አየኝና «አንቺ ደግሞ ከሃይንስ ልትበልጪ ነው?» አለኝ።

«አልበልጥም፤ ግን...»

«ሰውየው ተሸልሟል፣ ጄኒ። አንቺ ባለፈው ሳምንት አምፖል ስትቀይሪ ሁለት ሰብረሻል።»

«አንዱን ነው» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ለዋረንም ነገርኩት። «ከየት አመጣሽው?» አለኝ። ስምዎን እንዳላነሣ አዘውኛል፤ «መጽሐፍ ላይ» አልኩ። «መጽሐፉ ላይ እንዳለ እኔም አውቃለሁ» አለ። «ግን ፈተናው የሚታረመው በቪዲዮው ነው። ሃይንስ ከተወው ምክንያት ይኖረዋል፤ እሱን የማርም እኔ ማን ነኝ?» ዋረን ክፉ ሰው አይደለም። ሦስት ከተማ በአውሮፕላን እየዞረ ነው የሚያስተምረው፤ እኛ ዘንድ የሚመጣው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። በመሐሉ ያለን መምህር እርስዎ ነዎት፣ ኪሳችን ውስጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። መለማመጃ መጋዘናችን ማሞቂያ የለውም። ኤሌክትሪክ ያለው ሶኬት በሙቁ ክፍል ነው፤ ቴስተሩን እዚያ ሞክረን በግቢው በረዶ ተሻግረን ነው መጋዘን የምንገባው። ከአሁኑ የስልኬ ባትሪ መንገድ ላይ እየሞተ ነው። የቴስተሩስ ባትሪ ድንጋይ? እናንተን ባሕሩ ያሞቃችኋል፤ ይህን አላሰቡት ይሆናል።

አጎቴ፣ ማርማላታ ከእንግዲህ አይላኩልኝ። ቪዲዮውን ያስነሡልኝ።

አክባሪዎ ጄኔቪቭ


ካፕሊን ኮቭ
ኖቬምበር 19 ቀን 2017

ለውድ ጄኔቪቭ፤

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ የግቢያችሁንም ነፋስ ያብርድላችሁ። እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ በሌላው አትጠይቂኝ።

ስለ ብርዱ የጻፍሽውን ካነበብኩ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ማሰሮ ጥጄ እረሳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬ መቁጠሪያዬን ስቆጥር ሦስተኛው ላይ እቆምና የቱ ጋ እንደነበርኩ ይጠፋኛል።

ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። «ያን ቪዲዮ አንሥታችሁ እንደገና ብቀርጸውስ?» አልኳት። «ለምን?» አለች። «አርጅቷል።» «አምብሮዝ፣ አንተ ነህ ያረጀኸው፤ እሱማ በየቦታው እየታየ ነው» ብላ ሳቀች። ቀጥላም በሴንት ጆንስ የመምህራን ጉባኤ እንዳለ፣ ስለ ቀዳዳው ዘዴ እንድናገር ስሜን እንደሰጠች ነገረችኝ። ወጣሁ። እንዲህም አሰብኩ፦ በጉባኤው ፊት እውነቱን ከተናገርኩ ማንም ሊደብቀው አይችልም። ደስ አለኝ። ይህን አስቤ ደስ መሰኘቴን አስታውሺልኝ፤ ቀጥሎ የሚመጣው የባሰ ነውና።

ወደ ጉባኤው ስሄድ ሊዮ አብሮኝ ነበር። ክራባቴን አይቶ፣ «ይህን ማን አሰረልህ? ሚስትህ በሕልምህ መጥታ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

አዳራሹ የተማረ ሰው ሞልቶበታል፤ ደረቅ ዶሮና ቀዝቃዛ ድንች ይበላሉ። ተነሣሁ። «ስሜ አምብሮዝ ሃይንስ ነው፤ ይህ ቪዲዮ...» አልኩና ምላሴ ተያዘ። ሰው ጠበቀኝ። ያቺ የመጀመሪያዋ ተማሪ እጇን ስታወጣ የነበረው ነገር ትዝ አለኝና እሱን ማውራት ጀመርኩ። ምላሴ ተፈታ። ሳቁ። ይበልጥ ተፈታ። አንዲት ፕሮፌሰር፣ «ቀዳዳውን የት እንደሚተዉት እንዴት ይመርጣሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ምን አልኩ? «ተማሪው እርግጠኛ በሆነበት ቦታ ነው የምተወው» አልኩ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ይጽፉታል። ጄኔቪቭ፣ ውሸቴ ከእውነቴ ይልቅ ያምር ነበር። ያስፈራኝ እሱ ነው።

ስንመለስ ሊዮ መኪናውን ነዳ። ኋላ፣ «ለሴትዮዋ የመለስክላት ነገር ከየት መጣልህ?» አለ።

«እንዲሁ መጣ።»

«ሃያ ዓመት አውቅሃለሁ፤ እንዲህ ያለ ተንኮል አንተ ላይ አላየሁም ነበር።»

በመስኮት ልውጣ እንዳልል መኪናው ይበራል። የአየሩን ነገር አነሣሁበት።

እባክሽ ጻፊልኝ። ብርዱ ጠንክሯል? መጋዘኑ ውስጥ ማሞቂያ አስገቡላችሁ? አንዲት መስመርም ትበቃኛለች።

አምብሮዝ


ካፕሊን ኮቭ
ዲሴምበር 17 ቀን 2017

ለጄኔቪቭ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልስሽ ቀረብኝ። ፖስታ ቤት የምትሠራው ሴት ገና ከበሩ ስታየኝ ራሷን መነቅነቅ ጀምራለች።

ለገና ንስሐ ገባሁ። ቄሳችን ሁሉን ሰሙ። ከዚያ «የተጎዳ ሰው አለ?» አሉኝ። «የማውቀው የለም፣ አባ» አልኩ። «ሳታውቅ ኖረህ እንዳይሆን፤ ሄደህ አጣራ» ብለው ባረኩኝ። ቀልሎኝ እወጣለሁ ብዬ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሞተሩን ማስነሣት አልቻልኩም።

ለክፍላችሁ ሁሉ የሚበቃ ባትሪ ድንጋይ ልኬያለሁ። ወደ ብርዱ ስትወጡ ቴስተሩን ኮታችሁ ውስጥ፣ ደረታችሁ ላይ ያዙት በያቸው። ማን እንደላከው አትንገሪያቸው። ይህን ስጽፍ ራሴን እየታዘብኩ ነው፤ በእውነቱ ፈንታ ባትሪ የሚልክ ሰው ሆኛለሁ።

ቪዲዮው ገና አልተነሣም። ሁለተኛ አልጠየቅሁም።

መልካም የልደት በዓል ይሁንልሽ። ጻፊልኝ።

አምብሮዝ


ላብራዶር
ጃንዋሪ 11 ቀን 2018

ለአቶ አምብሮዝ ሃይንስ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ባትሪዎቹ ደርሰዋል። የደረሱት ዶይል በአውሮፕላን ከተወሰደ በኋላ ነው።

ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ የልምምድ ፈተና ነበረን። ዶይል ቴስተሩን ሙቁ ክፍል ውስጥ ሞከረ፤ ሠራ። ከመጋዘኑ ደጃፍ ወረፋ ስንጠብቅ ቆየን። አየሩ አፍንጫ የሚያጣብቅ ነበር። ገባ፤ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ሽቦ ፈተሸ፤ ቴስተሩ ዝም አለ። «የለም» አለ፣ እንደ እርስዎ አድርጎ። ያዘው። የዚያን ሳጥን ኤሌክትሪክ ማጥፋት የነበረበት ሌላ ልጅ ተሳስቶ የጎረቤቱን ሳጥን ማጥፊያ ነበር ያጠፋው። ቴስተሩም ብርዱ ገድሎት ነበር። ከኋላው ሁለተኛ ነበርኩ። ወለሉ ላይ ሲወድቅ የተሰማውን ድምፅ አልጽፍልዎትም።

በሕይወት አለ። ሴንት ጆንስ ሆስፒታል ነው። ቀኝ እጁ ተቃጥሏል፤ ሁለቱ ጣቶቹ ዳግም አያገለግሉም ተብሏል።

አሁን የሚጣራው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነው። ዋረን የጻፈው ዘገባ «ተማሪው ጥንቃቄ ጎድሎታል» ይላል። ቪዲዮው ተከፍቶ ታየ፤ «ይኸው መምህሩ በትክክል አሳይቷል፤ ክፍል ውስጥ የሚሞላውን ቀዳዳ አለመሙላት የተማሪው ስንፍና ነው» ተባለ። አጣሪዎቹ ስለ ዘዴዎ ከጉባኤው የወጣውን ጽሑፍ አንብበዋል። ማጥፊያውን የተሳሳተው ልጅ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ዶይልን ግን ከሙያው ሊያስወጡት ነው፤ ካሳም አይገባውም እያሉ ነው። ሚስቱ ልትጠይቀው የምትሄድበት ገንዘብ ስለሌላት በእኛ ስልክ ነው የምታናግረው። «ለምንድነው ያላስተዋልከው?» ስትለው ሰምቻለሁ። «እንጃ» ይላታል።

እኔም ብናገር ኖሮ እላለሁ። ስምዎን ብጠራ ኖሮ ዶይል ይሰማኝ ነበር። ስምዎን ጠበቅሁልዎ፤ በእሱ ፈንታ ይህ ሆነ። ለዚህ ነው ያልጻፍኩት።

ወረቀት ይቃጠላል ብለውኝ ነበር። የኦክቶበሩን ደብዳቤ አላቃጠልኩትም። ለማንም አላሳየሁትም፤ ማሳየት ያለበት ጸሐፊው ነው ብዬ።

ከእርስዎ የምጠይቀው ነገር የለኝም።

ጄኔቪቭ ፓወር


ካፕሊን ኮቭ
ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2018

ለጄኔቪቭ፤

የአምላክ ምሕረት ለዶይል ይቅደም፤ ቀጥሎ ለአንቺ፤ የተረፈ ካለ ለእኔ።

ደብዳቤሽን ፖስታ ቤቱ ደጅ ቆሜ ጨረስኩት። በማግሥቱ ሊዮን ክፍሌን ያዝልኝ ብዬ ወደ ሴንት ጆንስ ነዳሁ። መንገዱን ሁሉ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር፤ ሆስፒታሉ በር ላይ አንዱም ቃል አልቀረልኝም።

ዶይል መስኮት አጠገብ ተቀምጦ በግራ እጁ ሻይ ያማስላል። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል። «እንደምን ዋልክ» ስል ዞሮ አየኝ።

«ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለ። «የስልኩ ሰውዬ ነህ።»

«ነኝ።»

«ረጅም ትመስለኝ ነበር።»

«ስልክ ያስረዝማል» አልኩት። ሊስቅ ብሎ እጁ አመመውና ተወው።

ወንበር አሳየኝ። ከዚያ ይቅርታ ይጠይቀኝ ጀመር። እሱ፣ እኔን። «ስምህን ሳላጎድፍ አልቀረሁም» አለ። «ግን እምልልሃለሁ፣ ሁሉንም አንተ እንዳደረግኸው ነው ያደረግሁት። ሽቦውን ከመፈተሽህ በፊት ትንሽ ትስላለህ አይደል? እኔም እስላለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ። የቱ ጋ እንደሳትኩ እዚህ ተኝቼ አስባለሁ። አላገኘውም።»

ክፍል ውስጥ ቢሆን «ምን ጎደለ?» እለው ነበር። እያንዳንዱን ነገር በልቡ ይዞታል፣ ሳሌን ሳይቀር። ከዚያ የበለጠ የሰማኝ ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም።

«አልሳትክም» አልኩት። «የሳትኩት እኔ ነኝ።» ሦስተኛውን ፍተሻ፣ ሼልቢን፣ ያቺን ተማሪ፣ ሽልማቱን፣ ጉባኤውን ሁሉ ነገርኩት። ተንተባተብኩ፤ ታግሦ ሰማኝ። ሻዩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።

«ጄኒ ነግራኝ ነበር» አለ። «ሳቅሁባት።» ቀጥሎም፣ «ይህን ለዋረን ነግረኸዋል?» አለ።

«አልነገርኩም።»

«ለኮሌጁስ?»

«አልነገርኩም።»

«እና ለእኔ ነግረህ ልትሄድ ነው የመጣኸው?» ድምፁን አላነሣም። «እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ሰውዬ። ሚስቴ በገዛ ስንፍናህ ነው ትለኛለች። ልጆቼ አይሉኝም፤ ዝም ብለው ያዩኛል። ለእኔ ብትነግረኝ እኔ ምን አደርገዋለሁ?»

ተነሣሁ። እጁን ልጨብጠው እጄን ዘረጋሁና የትኛውን እንደምይዝ ግራ ገባኝ። እሱ ግራውን ሰጠኝ።

ሰኞ ሼልቢ ዘንድ ገብቼ ካሜራውን ክፈቺው አልኳት። ሦስቱንም ፍተሻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳየሁ። ከዚያ በፊት ግን ካሜራውን እያየሁ እንዲህ አልኩ፤ ስሜ አምብሮዝ ሃይንስ ነው፤ የቀድሞው ቪዲዮ ስሕተት ነው፤ ዘዴ አልነበረም፤ ረስቼው ነው፤ በኋላም ዋሽቻለሁ። ዶይል ብሌክ ያደረገው እኔ ያሳየሁትን ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለት ቦታ ምላሴ ተያዘ። ሼልቢ ዓይኗ ቀልቶ፣ «እንደገና እንቅረጸው?» አለችኝ። «አይሆንም፤ እንዳለ ይቆይ» አልኳት። ሰባት ደቂቃውንም አልፏል።

ኃላፊያችን አየችው። ኋላ፣ «ፍተሻውን ዛሬውኑ እንልከዋለን። የፊተኛውን ንግግር ግን ቆርጠን እናስቀር፤ ጠበቆች ይዩት፤ ጥቂት ሳምንት ስጠኝ» አለች። ክፋት አልነበራትም፤ ለኮሌጁም ለእኔም ፈርታ ነው። «ንግግሩ ከተቆረጠ ዶይል እዚያው ነው» አልኳት። «በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያባርሩታል።»

«ከሥራህ ልትወጣ እንደምትችል ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትታገሥም?»

«ሦስት ዓመት ታግሻለሁ» ብያት ወጣሁ።

ለዋረን ደወልኩ፤ አውሮፕላን ላይ ነበር መሰለኝ፣ አላነሣም። መልእክት ማስቀመጫው ላይ ሁሉንም ነገርኩት፤ አንድም ነገር አላስቀረሁም። ለሚያጣሩት ሰዎችም የጻፍኩትን ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ፤ የኦክቶበሩን ደብዳቤዬን ከእሱ ጋር አድርገሽ ለዶይል ሚስት ስጪያት። አሁን የእኔ አይደለም፤ የእነሱ ነው።

ቪዲዮው በስሜ የተቀመጠ ስለሆነ የማነሣውም የምተካውም እኔ ነኝ። ይህን ሁልጊዜ አውቅ ነበር። ኃላፊዋን ያስፈቀድኩት እንድትከለክለኝ ኖሯል።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ እስኪሄድ ጠበቅሁ። ቤቴ ስልኩ በደንብ አይሠራም፤ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ይሻላል። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ አዲሱን፣ ንግግሩ ሳይቆረጥ፣ ወደ ሁሉም ቅርንጫፎች ላክሁት። ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ግማሽ ሲደርስ የማቋረጫው ምልክት አውራ ጣቴ ሥር ነበር፤ እጄን አንሥቼ ጉልበቴ ላይ አኖርኩት። ሄደ። ቀጥዬ አሮጌውን ከፈትኩ። አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አየሁት፤ አሁንም ያምራል። ስልኩ «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩ፤ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ አዎ አልኩ። ጠፋ።

አምብሮዝ